የምንደፋው ውሃ

ጤነኛ የጀርባ ውሃ ከምንጭ ውሃ አይለይም። ቀለም የለውም፣ አይደፈርስም። ቲዩቡን ወደ መስኮቱ ከፍ ሳደርገው የሰንጋ ተራ ፎቆች በውስጡ ተጣመው ይታዩኛል። ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ሁለት ሦስት ሚሊ ሊትር ነው፤ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እኛ የላብራቶሪ ሰዎች ሲኤስኤፍ እንለዋለን። አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ዙሪያውን ከቦ የሚኖር ውሃ ነው።

ሥራችን እንዲህ ነው። ቲዩቡ ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ያሽከረክረዋል። ሴል ካለ ከታች ይዘቅጣል። ዝቃጩን ስላይድ ላይ አድርገን ቀለም እንቀባዋለን፤ ፓቶሎጂስቱ የካንሰር ሴል ይኖር እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ያያል። ከላይ የሚቀረው የጠራ ውሃ ደግሞ ለስኳርና ለፕሮቲን ምርመራ ትንሽ ይወሰድለትና ይደፋል። በረኪና ያለበት ባልዲ አለን፣ እዚያ ውስጥ። 14 ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ አንድ ከሰዓት፣ ታናሽ እህቴ መጣች። በእጇ የሕክምና ጓንት ይዛለች። ጓንቱ ውስጥ ቲዩብ ተጠቅልሏል። ሆስፒታሉ ምርመራውን ውጭ አሠሩ ብሏት ነው። ታክሲ ውስጥ ተጋፍተው እንዳይሰብሩባት ፈርታ ግማሽ ሰዓት በእግሯ ሄዳ ነው የደረሰችው። ቲዩቡን ስቀበላት በመዳፏ ሙቀት ሞቆ ነበር።

«እታለም፣ የልጄ ውሃ ነው» አለችኝ።

ስድስት ዓመቱ ነበር። ስሙ ቲዩቡ ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ ተጽፏል። ያንን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። መዝገብ ላይ አሰፈርኩት። አሽከረከርኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ ከላይ ያለውን ደፋሁት። ያን ቀን የደፋሁት ነገር ምን እንደነበር የገባኝ ከዓመት በኋላ ነው።

ሲጀምር ማስመለስ ነበር። ጠዋት ጠዋት ብቻ። ከአልጋው ሲነሳ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ቀለል ይለውና ቁርሱን ይበላል። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠው። ቀጥሎ አሜባ ተባለ። ከዚያ ጨጓራ። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ እሑድ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲያባርር አየሁት። እንደ ሰከረ ሰው ይወላገዳል። ኳሷን ሊመታ እግሩን ሲያነሳ ወደ ግራ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ወደ ግራ ወደቀ። እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ልጅ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልስ ከሆነ፣ ራሱን የሚያመው ከሆነ፣ አረማመዱም ከተበላሸ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ ጉዳዩ የሆድ አይደለም። ጭንቅላቱ ይታይ። ተከራክራችሁም ቢሆን ይታይ።

ሲቲ ስካኑ ከኋላ፣ ትንሹ አንጎል ላይ፣ ዕጢ አሳየ። ኤምአርአዩ አረጋገጠ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ፓቶሎጂው ሜዱሎብላስቶማ አለ። በልጆች ላይ ከሚወጡ አደገኛ የአንጎል ዕጢዎች መካከል በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። ክፉ ጠባይ አለው፤ በውሃው ይጓዛል። ሴሎቹ ከዋናው ዕጢ ተገንጥለው በሲኤስኤፍ ውስጥ እየተንሳፈፉ ሄደው ጀርባ ላይ ሊበቅሉ ይችላሉ። ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ከጀርባ ውሃ የሚቀዳው ለዚህ ነው። እህቴ በጓንት ጠቅልላ ያመጣችው ይህንን ነበር። ውጤቱ «የካንሰር ሴል አልታየም» የሚል ነበር። ተቃቅፈን አለቀስን።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ልጁ ዝም አለ። አምስት ሳምንት ሙሉ ቃል አልወጣውም። ያየናል፣ ይሰማናል፣ አይናገርም። ትንሹ አንጎል ላይ እንዲህ ያለ ዕጢ ከወጣላቸው ልጆች ከአራቱ አንዱ ገደማ እንዲህ ይሆናል። ቀድሞ የነገረን ሰው ስላልነበረ ድምፁ ለዘለዓለም የጠፋ መስሎን ነበር። አንድ ጠዋት ሲስተሯ መርፌ ይዛ ስትመጣ «በቃ» አለ። እሷም አለቀሰች።

ከዚያ ጨረር። ሙሉ ጭንቅላትና ሙሉ አከርካሪ። ከዚያ ኬሞ። ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ከጆሮው ቀጭን ድምፆችን ወሰደበት። ወፍ ሲጮህ አይሰማም። እህቴ በየእሑዱ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ትወስደው ነበር። ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ ባለበት ሰሞን ሐኪሟ «አይጠጣ፣ ይረጭ» አለቻት፤ አባም «የሐኪሟን ስሚ ልጄ» አሏት። ሁለቱም ወገን የልጁን መዳን ነበር የሚፈልገው።

ሕክምናው ሲያልቅ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለን። ለእህቴ ግን ከባዱ ጊዜ ገና መጀመሩ ነበር። በየሦስት ወሩ ኤምአርአይ። ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቤቱ ይለወጣል። ልጁ ብርጭቆ ሲያነሳ እጁን ታያለች። ደረጃ ሲወርድ እግሩን ትቆጥራለች። አንድ ቀን ቁርሱን አልበላም ቢል ቀኑ ሙሉ ያልቅባታል። ከዚያ ያ ትልቁ ቡናማ ፖስታ ይመጣል። ፊልሙን አውጥታ መስኮት ላይ ትለጥፈዋለች። ማንበብ አትችልም፣ ግን ታያለች።

በ2017 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ታየ። ዕጢው የወጣበት ቦታ ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር። ጠባሳ ሊሆን ይችላል ተባለ። ጨረሩ የተወው ለውጥ ሊሆን ይችላል። ተመልሶም ሊሆን ይችላል። «ከስምንት ሳምንት በኋላ ደግመን እንየው።» ሐኪሟ ትክክል ነበረች። ኤምአርአይ ጥላ እንጂ ስም አያሳይም። ግን ስምንት ሳምንት ምን ያህል እንደሆነ እናት ብቻ ናት የምታውቀው።

ከሆስፒታሉ ወጥተን ለገሃር አካባቢ አንድ ካፌ ገባን። ማኪያቶዋን ሳትነካ ቀዘቀዘ።

«እታለም፣ አንቺ ላብራቶሪ ነሽ አይደል? ይሄን ነገር በውሃው ማወቅ አይቻልም?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ ሊኩዊድ ባዮፕሲ ይባላል። እንደተለመደው ባዮፕሲ ሥጋ አይቆርጥም። ከደም ወይም ከሌላ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ የካንሰሩን ርዝራዥ ይፈልጋል። ሴል ሲሞት የዘር መረጃው የተጻፈበት ዲኤንኤ ይበጣጠሳል፤ ቁርጥራጮቹ ፈሳሽ ውስጥ ይገባሉ። አብዛኞቹ 167 የዲኤንኤ ፊደል ያህል ርዝመት አላቸው። የጤነኛውም ሴል ይህን ያደርጋል፣ የካንሰሩም። የካንሰሩ ቁራጭ ግን የራሱን ስሕተት ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ሊለይ ይችላል። ደግሞም ቶሎ ይጠፋል። ደም ውስጥ ከገባ በሁለት ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ግማሹ የለም። ስለዚህ ዛሬ የተገኘ ቁራጭ የዛሬ ወሬ ነው፤ የባለፈው ወር አይደለም።

ይህ ትናንት የተገኘ ነገር አይደለም። ማንዴልና ሜቴ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በደም ውስጥ ከሴል ውጭ የሚንሳፈፍ የዘር ቁስ መኖሩን የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ለብዙ ዓመታት ልብ ያለው ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴኒስ ሎ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በነፍሰ ጡር እናት ደም ውስጥ የፅንሱን ዲኤንኤ አገኘ። ዛሬ ነፍሰ ጡሮች ደም ሰጥተው የፅንሱን ክሮሞዞም፣ ማለትም የዲኤንኤውን ጥቅሎች፣ የሚያሳውቃቸው ምርመራ የመጣው ከዚያ ነው። የካንሰሩም መንገድ ያው ነው፤ ሌላ አካል ውስጥ ያለውን ነገር ከፈሳሽ ላይ ማንበብ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ደም ነበር። ደም መቅዳት ቀላል ነው። ግን አንጎል አጥር አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ብዙ የካንሰር ዓይነቶችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። የተስፋፋ የአንጀት፣ የቆሽት ወይም የእንቁልጢ ካንሰር ካለባቸው ሕሙማን ከ75 በመቶ በላይ በሚሆኑት ደም ውስጥ የካንሰሩ ዲኤንኤ ተገኘ። ግላዮማ በሚባሉት የአንጎል ዕጢዎች ግን ከ10 በመቶ በታች ነበር። አጥሩ መርዝ እንዳይገባ ይጠብቃል፤ ወሬም እንዳይወጣ ይከለክላል። በዚያ ላይ ልጅ ትንሽ ነው። የእህቴ ልጅ ያኔ 18 ኪሎ ነበር። ጠቅላላ ደሙ ተቀድቶ ትልቁን ሃይላንድ አይሞላም። በየጊዜው ብዙ ደም ውሰዱበት ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ውሃው። ዕጢው እዚያው ነው ያለው፣ ውሃው እያጠበው ያልፋል። ሲኤስኤፍ ውስጥ የጤነኛ ሴል ዲኤንኤ ትንሽ ስለሆነ የካንሰሩ በቀላሉ ይለያል። በጭር ያለ ሰፈር እንግዳ ሰው ቶሎ እንደሚታወቅ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ሜዱሎብላስቶማ አንድ ጥናት አወጡ። ከ123 ልጆች በሕክምናቸው ጊዜና ከዚያም በኋላ የተቀዳ 476 የሲኤስኤፍ ናሙና ነበራቸው። የዲኤንኤውን እያንዳንዱን ፊደል አልነበረም ያነበቡት። ላይ ላዩን፣ ሳሳ አድርገው ነው ያዩት። ዳዊትን ቃል በቃል ከማንበብ ይልቅ መዝሙሮቹን ብቻ ብትቆጥሩ እንደ ማለት ነው። የጎደለ አለ? ሁለት ጊዜ የተጻፈ አለ? በዚህ ዕጢ እንዲህ ያለ ነገር በብዛት አለ። በአንዳንዶቹ የ17ኛው ክሮሞዞም አጭሩ ክንድ ይጠፋና ረጅሙ ይደገማል። በሌሎቹ ከሁለቱ 6ኛ ክሮሞዞሞች አንዱ ይጎድላል፤ ይህኛው ደግሞ ከሁሉም በተሻለ የሚድነው ዓይነት ምልክት ነው። ላይ ላዩን ማንበብ ወጪውን ይቀንሳል። ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያገኙት እንዲህ ነው። ሕክምና ሳይጀመር፣ ዕጢው የተዛመተባቸው ልጆች 85 በመቶ በሚሆኑት ውሃ ውስጥ የዕጢው ዲኤንኤ ተገኘ። ዕጢው ባልተዛመተባቸው 54 በመቶ ላይ። ሕክምናው እየሄደ ሲመጣ በብዙዎቹ ጠፋ። ባልጠፋባቸው ላይ በሽታው የመመለሱ ዕድል በጣም ከፍ ያለ ነበር። ከተመለሰባቸውም በግማሾቹ ላይ ውሃው ከኤምአርአይ ቀድሞ ተናገረ።

ይህን ሳነብ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ናሙናውን እንዴት እንዳዘጋጁት ወደሚገልጸው ክፍል ሄድኩ። የሙያዬ ነገር ሆኖ ሁልጊዜ እሱን ነው የማየው። ያሽከረክሩታል። ዝቃጩን ይለያሉ። ዲኤንኤውን የሚያወጡት ከላይ ከሚቀረው የጠራ ውሃ ነው።

ደግሜ አነበብኩት። ከላይ ከሚቀረው። እኛ ከምንደፋው።

ሴሎቹን ፍለጋ ዝቃጩን እናያለን። የሴሎቹ ስብርባሪ ግን ዝቃጩ ውስጥ አይቀመጥም፤ ቀላል ስለሆነ ውሃው ውስጥ ይቀራል። 14 ዓመት የደፋሁት ባልዲ ዓይኔ ላይ መጣ። የስንት ልጅ ውሃ? ከመዳፏ ሙቀት የሞቀው ያ ቲዩብ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ማንንም አልወቅስም፤ የተማርነውም የታዘዝነውም እንደዚያ ነው። ግን አዘንኩ። እስከ ንጋት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ለእህቴ ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና «እሺ፣ ቀድሜ ባውቅስ ምን አደርጋለሁ?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ሜዱሎብላስቶማ ጨረር ከተሰጠ በኋላ ሲመለስ ማዳን በጣም ከባድ ነው። በበለጸጉትም አገሮች ከባድ ነው። ታዲያ ሦስት ወር ቀድሞ ማወቅ ሦስት ወር ቀድሞ ማልቀስ ከሆነ ምን ይጠቅማል? አንድ የማከብረው ሐኪምም ሌላ ነገር አለኝ። «ለእኛ ቅንጦት ነው። መጀመሪያ ልጆቹ በጊዜ ይምጡ፣ በጊዜ ይቀደዱ፣ ጨረር በጊዜ ያግኙ።» እውነቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት 400,000 ያህል ልጆችና ታዳጊዎች ካንሰር ይይዛቸዋል። ሀብታም አገር ከተወለዱት ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። እንደኛ ባለ አገር ከ30 በመቶ በታች። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዕቅድ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ ይዳኑ ብሏል። ያንን ልዩነት የሚያመጣው ሊኩዊድ ባዮፕሲ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ይህንን የምናውቅ ሰዎች ስለ ዲኤንኤ ስናወራ ልናፍር ይገባል የሚል ሰው ቢኖር ይገባኛል።

እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ። የእህቴ ስምንት ሳምንት ቅንጦት አልነበረም። ያ ነጭ ነገር ጠባሳ ይሁን ዕጢ የሚለይ ምርመራ ቢኖር ቢያንስ አንዱን ፍርሃት በስም ትጠራው ነበር። ደግሞ የሷ ቤት እዚሁ ነው። ከወሎ ወይም ከባሌ ልጁን አዝሎ የመጣ አባት «ከስምንት ሳምንት በኋላ እንየው» ሲባል ሁለት ምርጫ ነው ያለው። ወይ አዲስ አበባ ተቀምጦ ያለውን መጨረስ፣ ወይ ወደ አገሩ ተመልሶ ምናልባትም አለመምጣት። ልጆቹን ከነወላጆቻቸው ተቀብለው የሚያኖሩ እንደ ተስፋ አዲስ ያሉ የወላጆች ማኅበራት ባይኖሩ ስንቱ መንገድ ላይ ይቀር እንደነበር እዚያ ሄዶ ያየ ያውቃል። ይህንን መጠባበቅ አንድ ወር እንኳ ማሳጠር ለእንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው። ሕክምናውን ከሚገባው በላይ ማብዛትም አለ። ውሃው ቶሎ የጠራለት ልጅ ያነሰ ጨረርና ያነሰ ኬሞ ሊበቃው ይችል ይሆናል የሚል ጥያቄ ተመራማሪዎቹ ዘንድ አለ። ገና አልተመለሰም። የወፍ ድምፅ የማይሰማ ልጅ ቤታችን ስላለ ይህ ጥያቄ ለኔ ሩቅ አይደለም።

ምርመራው አይሳሳትም ብዬ ላሞግሰውም አልፈልግም። ዕጢው ካልተዛመተባቸው ልጆች ግማሽ በሚጠጉት ላይ ምንም አላገኘም፤ ስለዚህ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። እንደ ፓይሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ ያሉ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዕጢዎች ደግሞ ክሮሞዞማቸው ብዙም አይቃወስም፤ መዝሙር የሚቆጥረው ዘዴ አይይዛቸውም። ውሃ መቅዳቱም ራሱ መርፌ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ባለበት ጊዜ ከጀርባ መቅዳት አደገኛ ነው፤ ሐኪም ሳይፈቅድ አይሞከርም። ሻንት፣ ማለትም ከጭንቅላት ትርፍ ውሃ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ያላቸው ልጆች ሲታከሙ ከዚያ የሚወጣው ውሃ ግን ናሙና ሊሆን ይችላል።

ተስፋ የሚሰጠኝ ሌላ ዓይነት ዕጢ አለ፤ ተስፋ የሚለው ቃል ከሱ ጋር አብሮ ባይሄድም። ዲአይፒጂ ይባላል። የአንጎል ግንድ ውስጥ ይበቅላል፣ ቀዶ ማውጣት አይቻልም፣ አብዛኞቹ ልጆች ዓመት አይሞላቸውም። ቦታው አስፈሪ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ናሙና እንኳ አይወሰድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከእነዚህ ዕጢዎች በአብዛኞቹ ውስጥ ኤች3 ኬ27ኤም የተባለች አንዲት የፊደል ስሕተት ተገኘች። አንዲት ስሕተት ብቻ መፈለግ ቀላል ነው። ድሮፕሌት ፒሲአር የሚባል ዘዴ ናሙናውን 20,000 ያህል ጠብታ አድርጎ ይከፋፍለውና በያንዳንዱ ጠብታ ውስጥ ስሕተቷን ይፈልጋል። ከሲኤስኤፍ፣ አንዳንዴም ከደም ያገኛታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ደግሞ ይህችን ስሕተት ለተሸከሙ ዕጢዎች ዶርዳቪፕሮን የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። በሽታውን ያጠፋል አልተባለም። ግን ስሟን ማወቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስገኘው ነገር ኖረ።

ፒሲአር የሚለውን ቃል ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. በፊት ሊስትሮ የሚጠርገውም ሚኒባስ የሚነዳውም አያውቀውም ነበር። ኮቪድ ሲገባ ሁሉም አወቀ። ማሽኖቹ ገቡ፣ ልጆች ሠለጠኑ፣ የቫይረሱን ዘር የሚያነቡ መሣሪያዎችም አገር ውስጥ ተተከሉ። እጃችን ከዚህ ሥራ ጋር ተዋውቋል ማለት ነው።

አንዱ ገጽታው እንዲያውም ዱሮም ነበረን። ባለፈው ዓመት የ13 ዓመት ወንድ ልጅ የምርመራ ወረቀት መጣ፣ ቤታ ኤችሲጂ የሚል። አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ወረቀቱን ይዛ መጣች። «ሲስተር፣ ተሳስተው ነው መሰለኝ፤ ይሄ የእርግዝና ምርመራ አይደል?» አልተሳሳቱም። አንጎል መሐል ከሚበቅሉት የጀርም ሴል ዕጢዎች አንዳንዶቹ ቤታ ኤችሲጂ ወይም ኤኤፍፒ የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ። ከደምና ከሲኤስኤፍ ላይ ይለካሉ፤ ከፍ ማለታቸው ዕጢውን ያሳያል፣ ዝቅ ማለታቸው መድኃኒቱ መሥራቱን። ይህ ሊኩዊድ ባዮፕሲ የሚለው ስም ሳይወጣ የነበረ ሊኩዊድ ባዮፕሲ ነው፤ መሐል አዲስ አበባ ባሉ ብዙ ላብራቶሪዎችም ይሠራል። አስረዳኋት። ቀኑን ሙሉ የልጁን ውጤት ስትጠብቅ ዋለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የማውቀው ከጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ነው። ውሃው ተቀድቶ ሳይቆይ ይምጣ፤ አንድ ጊዜ የሌላ ልጅ ናሙና ቅዳሜና እሑድ ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ሴሎቹ ፈርሰው ደርሶናል፤ ያ ልጅ ደግሞ ተወጋ። ሲሽከረከር ከላይ ያለው አይደፋ። ወላጅ ተጠይቆ፣ ፈቅዶ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳ። የደሙን ዲኤንኤ በተራ ሙቀት እስከ 14 ቀን የሚያቆዩ ልዩ ቲዩቦች አሉ፤ ተራው ሐምራዊ ክዳን ያለው በጥቂት ሰዓት ውስጥ መሽከርከር አለበት። ንባቡ ዛሬ እዚህ ባይሠራ እንኳ ውሃው ከተቀመጠ ነገ ይነበባል። የተደፋ ግን ተደፋ። ይህንን በሁለት ገጽ ጽፌ ለሚመለከታቸው ሰዎች ሰጥቻለሁ። ሥነ ምግባር ኮሚቴ ማለፍ አለበት፤ ጊዜ ይወስዳል፤ መውሰድም አለበት፣ የልጆች ውሃ ነውና።

በዚያው ሰሞን፣ ከስምንቱ ሳምንት በሁለተኛው፣ ሐኪሟ ውሃ እንደገና ይቀዳ አለች። አብሬ ገባሁ። ልጁ በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ አገጩ ሰብስቦ እጄን ያዘ። ጀርባው ላይ አጥንቶቹ እንደ ዶቃ ይቆጠራሉ። አላለቀሰም። አምስት ሚሊ ሊትር ተቀዳ። እንዳይነሳ ተነግሮት በጀርባው ተንጋለለ፤ ጣራውን እያየ ቆየና ጠየቀኝ።

«አክስቴ፣ የወሰዳችሁት ውሃ ይመለሳል?»

«ይመለሳል የኔ አንበሳ። ጭንቅላትህ ራሱ ይሠራዋል። በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ያህል።»

«አምስቱ በስንት ደቂቃ ይሞላል?»

«በ15።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመረ። እኔ ቲዩቡን በጓንት ጠቅልዬ መዳፌ ውስጥ ያዝኩት። ሴል አልታየበትም። የስምንት ሳምንቱ ኤምአርአይ ሲመጣም ነጩ ነገር አንሶ ነበር፤ የጨረሩ ለውጥ ነው ተባለ። የላይኛውን ውሃ አልደፋሁትም። እህቴም አለቃዬም ፈቅደውልኝ እኛ ጋ ባለው ተራ ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ ስሙ ተጽፎበት። የሚያነበው ማሽን ጋ አልደረሰም። ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም ነበር። የሚሰማው የሰዓቱ ቆጣሪ ብቻ ነበር፤ እሱም ለኔ እንጂ ለልጁ አይሰማውም። በዓይኑ ነበር የሚከተለው።

ከ15 ደቂቃ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«ሞላ» አለኝ።